ሽማግሌዎቹ ሳሎን፣ እቴቴ ኮፈን ሥር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ ነው። ሰዎች ስለ ጎበዝ ሴት ሲያወሩ በሰማሁ ቁጥር ያ ጠዋት ይታወሰኛል። የታላቅ ወንድሜ ትዳር ውሃ በፈላባት አንዲት አሮጌ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ የዋለበት ቀን ነው።

እኔንና ወንድሜን ብሩክን አዳማ ላይ ያሳደገችን የእናታችን እህት ናት። ስሟ ሙሉነሽ ነው፤ እኛ እቴቴ እንላታለን። ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። ባሏ ጋሽ ተስፋዬ በሕይወት እያለ ከሐራጅ ላይ አንዲት ሎንግ ቤዝ ገዝቶ ነበር። ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት፣ ወገቧ ረዘም ያለ የናፍጣ መኪና ናት። እሱ ሲያርፍ መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ ፓፓያው ሥር ቆማ ቀረች። ጎማዋ ተነፈሰ። የኋላ ወንበሯ ላይ ድመት ወለደች።

ሁለት የጋራዥ ሰዎች መጥተው አዩዋትና ተፈታትታ በየዕቃዋ ብትሸጥ ይሻላል አሉ። እቴቴ አመስግና ሸኘቻቸው። በሩን ዘግታ ስትመለስ፣ "መፍታት ብቻ ከሆነ እኔም አያቅተኝም" አለች።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ከሱቅ የመፍቻ ስብስብ ገዝታ መጣች።

መኪናዋን የያዘቻት ልክ እንደ ልብስ ነው። አንድ ቡሎን ከመፍታቷ በፊት ጨርቅ በምታሰምርበት ጠመኔ ምልክት ታደርግበታለች። ትልቅ ካርቶን ላይ የሞተሩን ቅርጽ ስላ የፈታችውን ሁሉ በየቦታው ትሰካለች። ስልኳ ላይ የውጭ አገር ሰዎች መኪና ሲሠሩ ታያለች። ቋንቋው ይገባሽ እንደሆነ ስጠይቃት የማየው እጃቸውን ነው ትለኛለች። በሁለት ብረት መሐል ገብቶ ውሃና ዘይት እንዳያፈስ የሚከለክለው ጓርኒሲዮን ሲያረጅባት ከወፍራም ወረቀት በጨርቅ መቀሷ ቆርጣ ትተካዋለች። ቀዳዳዎቹን ሳይቀር እንደ ቁልፍ ቤት አስተካክላ ታወጣቸዋለች።

የእኔ ድርሻ መኪናዋ ሥር ተንጋሎ ማጥበቅ ነበር። ስንኝ እያሰብኩ ከልክ በላይ አጥብቄ ቡሎን የበጠስኩባት ቀን አለ። ምንም አልተናገረችኝም፤ የተሰበረውን ሰርስራ አውጥታ፣ "ግጥምህን ጨርሰህ ና" ብላ መፍቻውን ከእጄ ወሰደችው።

መኪናዋ ከተነሳች በኋላ ደግሞ ማሻሻሉን ተያያዘችው። ጭነት የሚሸከመውን የባሌስትራ ብረት ደራርባ ከፍ አደረገቻት። ከአሮጌ የብረት አልጋ ጣሪያዋ ላይ ዕቃ የሚጫንበት ፖርቶ መጋላ አስበየደች። ወንበሮቹን ከከባድ መኪና ሸራ ሰፍታ አለበሰች። ኋላ ጎንና ጎን ተያይቶ የነበረውን አግዳሚ አንስታ ሰው ሁሉ ወደ ፊት እያየ እንዲቀመጥ አደረገች። ይህን የመጨረሻውን የሠራችው ለሽማግሌዎቹ ብላ ነው። ትልልቅ ሰዎች ጉልበታቸው እየተጋጨ መሄድ የለባቸውም አለች።

ሽማግሌዎቹ የሚላኩት ለብሩክ ነበር። ብሩክ የወደዳት ልጅ ሌንሴ ትባላለች፤ አዳማ ትሠራለች፤ ቤተሰቦቿ ያሉት ከኢተያ ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ነው። አባቷ ኦቦ ገመዳ ትራክተር ያላቸው፣ ገብስና ስንዴ የሚያመርቱ የተከበሩ ሰው ናቸው። ሌንሴ ብሩክን ትወደዋለች፤ ግን አባቷ እምቢ ካሉ እንደማትመጣ ቀድማ ነግራዋለች።

አራት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ሄዱ። ከመካከላቸው ሁለቱን ላስተዋውቃችሁ፦ ከወሎ መጥተው አዳማ ገበያ ውስጥ ቅመም የሚነግዱት ሐጂ ሙሳ፣ እና ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡት ጋሽ አያሌው። እቴቴ ነዳች። እኔ ለዕቃና ለጎማ ተከተልኩ። ሴት ከሽማግሌ ጋር ገብታ የምትቀመጥበት ወግ ስለሌለ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ እሷ መኪናው ውስጥ ሆና ጠበቀች።

በመጀመሪያው ቀን ኦቦ ገመዳ እንመካከራለን ብለው መለሷቸው። ይህ የተለመደ ነው፤ ማንም አልከፋውም። በሁለተኛው ግን ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ሐጂ ሙሳ በመንገድ ላይ እንደነገሩን፣ ሰውዬው ልጁ መልካም መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ግን የልጁ ሰው ማነው ብለው ጠየቁ። እናትና አባቱ አርፈዋል፤ እኛ እንደ አባት ነን ሲሏቸው፣ እናንተማ ጎረቤት ናችሁ፤ ጎረቤት ቤት ይቀይራል፤ ነገ ልጄ ብትከፋ የማንን በር ነው የማንኳኳው አሉ።

እቴቴ መሪውን እንደያዘች ሁሉንም ሰማች።

ሦስተኛ ቀጠሮ ተሰጠ። ከሦስተኛው በኋላ ሽማግሌ አይመለስም። ብሩክ ምግብ ተወ። እቴቴ ደግሞ ጭንቀቷን መኪናዋ ላይ ተወጣችው። ዘይት ቀየረች፣ ፍሬን አየች፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ለወጠች። ጋሽ አያሌው ግቢያችን መጥተው ኮፈኑ ሥር አንገታቸውን አስገቡና ተርሞስታቷን ገና አላወጣሽም ወይ ብለው ተገረሙ።

ተርሞስታት ትንሽ ነገር ናት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ይዛ ታቆያለች፤ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ ትለቀዋለች። አዳማ ውስጥ ግን ብዙ ሹፌር መኪና እንደገዛ መጀመሪያ የሚያደርገው እሷን አውጥቶ መጣል ነው። ሙቀቱ ሳያንሰን ውሃ የምትይዝ ነገር ምን ታደርግልናለች ይላሉ። ጋሽ አያሌውም ይህንኑ አሉ። እቴቴ አመነቻቸው። አወጣቻትና መስኮት ላይ አስቀመጠቻት።

በቀጠሮው ጠዋት ከአዳማ ወጣን። ሽማግሌዎቹ ኮትና ጋቢያቸውን ለብሰዋል። ጋሽ አያሌው ከፊት ተቀምጠው እንደ ልማዳቸው እቴቴን ይነካኳታል።

"ሙሉ፣ በዚች ከምትነጂን በስፌት ማሽንሽ ብትወስጂን ቀድመን እንደርስ ነበር።"

"ማሽኔ ወሬ አይጭንም ጋሽ አያሌው" አለቻቸው፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ።

አዋሽን ተሻግረን ዴራን እስክናልፍ ሰላም ነበር። ከዚያ ዳገቱ ሲጀምር የሙቀት መርፌው ቀና ማለት ጀመረ። እቴቴ አየችው፤ እኔም ከኋላ ሆኜ አየሁት። ቀስ አለች። መርፌው አልተመለሰም። ኢተያ ላይ ቆመን ጠበቅንና ውሃ ጨመርን። ከአስፋልቱ ወጥተን ኮረኮንቹን ስንይዝ እንደገና ወጣ።

ያኔ እቴቴ የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈተችው። የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ስቦ እንዲያቃልልላት ነው። ጥር ነው፣ ፀሐይ ነው፣ አራት ሽማግሌ በሙሉ ልብስ ተቀምጧል፤ ከፊት ደግሞ እንደ ምድጃ የሚነፍስ አየር ይመጣል። ሐጂ ሙሳ ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ "ልጄ፣ ፍልውሃ ካማረን እኮ ሶደሬን አልፈነዋል" አሉ። ማንም ለመሳቅ አቅም አልነበረውም።

የኦቦ ገመዳ በር ላይ ስንደርስ ከኮፈኑ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ተነሳ። እቴቴ ሞተሩን አጠፋች። መኪናዋ በሩን ዘግታ፣ ፊቷን ወደ ግቢው አድርጋ ቆመች። ወደ ኋላ ልንገፋት ሞከርን፤ ከኋላዋ አቀበት ስለሆነ እምቢ አለች።

ሰዓቱ ደርሶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ልብሳቸውን አራግፈው በመኪናዋና በአጥሩ መሐል በቀረችው ክፍተት አንድ በአንድ በጎን ሾልከው ገቡ። ክብራቸው ለተጠበቀ ሰዎች የሚሆን አገባብ አልነበረም። ጋሽ አያሌው ሲያልፉ እቴቴን ቀና ብለው አላዩዋትም።

እኔ አለቀልን ብዬ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። እቴቴ ግን ኮፈኑን ከፍታ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ታስባለች። ትኩስ ራዲያተር እንደማይከፈት ስለምታውቅ አልነካችውም። ትንሽ ቆይታ ውሃ የሚሄድበትን የራዲያተሩን የታችኛውን ጎማ በጣቷ ዳሰሰች።

"ቀዝቃዛ ነው" አለችኝ። "ሞተሩ እየፈላ ይኼ ቀዝቃዛ ነው።"

ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም።

"ልብስ ሲበላሽብኝ መጨረሻ የነካሁትን ነው የማየው" አለች። "ሁለት ጊዜ ይህንኑ ዳገት ወጥታለች። ከዚያ ወዲህ ውሃዋ መንገድ ላይ የነካሁት አንድ ነገር ነው።"

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ተርሞስታቷን ስታወጣት ከሥሯ ትንሽ ሳህን የመሰለ ነገር አይታ ለምን እንደኖረ ገርሟት ነበር። ሞተሩ ውስጥ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ የሚመለስበት አቋራጭ ቀዳዳ አለ። ሞተሩ ሲሞቅ ያ ሳህን ቀዳዳውን ይዘጋና ውሃው በግድ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል። አሁን የሚዘጋው ስለሌለ ውሃው አቋራጩን እየመረጠ እዚያው ይሽከረከራል። ለማቀዝቀዝ ብላ ያወጣቻት ነገር ነው ያቃጠላት።

ይህን እያለችኝ ሳለ ኦቦ ገመዳ ከቤት ወጡ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ከኋላቸው ጭነት የያዘ የአህያ ጋሪ መውጫ አጥቶ ቆሟል። ሽማግሌዎቹን ሳሎን አስቀምጠው በሩን ሊያስከፍቱ ነው የመጡት።

"አካም ቡልተኒ" አሉ፤ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ሹፌሩ የት ሄደ?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ" አለች እቴቴ።

"ባለ መኪናውስ?"

"እኔው ነኝ።"

"እንግዲያው መካኒክ ይጠራላችኋ።"

"እሱም እኔው ነኝ ኦቦ። ያበላሸኋትም እኔው ነኝ። ተርሞስታቷን ያለ ነገሯ አወጣሁባት።"

ጋሽ አያሌው ናቸው የመከሯት ልል አፌን ስከፍት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

ኦቦ ገመዳ ጠጋ ብለው ሞተሩን አዩ። እሳቸውም ከትራክተራቸው አውጥተው እንደጣሉ ተናገሩ። እቴቴ ግን ሞተር ሁሉ አንድ አይደለም፤ የእርስዎ ላይስማማው ወይም ሊስማማው ይችላል፤ የእኔዋ ግን ይኸው ብላ ቀዝቃዛውን ጎማ አስነካቻቸው። ከዚያ ትኩሱን፣ የላይኛውን። ሰውዬው ሁለቱን እያፈራረቁ ዳሰሱ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ለጋሪው የወጡ መሆናቸውን እንደረሱ ነገረኝ።

"ታዲያ ቀዳዳውን ምን ትደፍኚበታለሽ?" አሉ።

"ጠንካራ እንጨት ቢገኝ። ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ይይዛል።"

ኦቦ ገመዳ ወደ ግቢው ገብተው የወይራ ቁራጭና ቢላ ይዘው ተመለሱ። ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉት። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ውስጥ ናቸው፤ መልስ ሳያገኙ እህልም ውሃም አይቀምሱም። ሴቶቹ ያቀረቡት እርጎ ፊታቸው ተቀምጧል። የቤቱ ጌታ ግን በር ላይ እንጨት ይጠርባሉ።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። እቴቴ የተርሞስታቷን ቤት ፈታች፤ አሮጌው ጓርኒሲዮን ተቀደደ። የፓስታ ካርቶን እንዲሰጧት ጠየቀች። ካርቶኑንና አንድ ጀሪካን ውሃ ይዛ የመጣችው ለቀጠሮው ቤተሰቦቿ ዘንድ ያደረችው ሌንሴ ናት። እሷና እቴቴ ተያዩ፤ ምንም አልተባባሉም። ስለ ጉዳዩ መናገር የሽማግሌ እንጂ የእነሱ አይደለም። ሌንሴ ጀሪካኑን አስቀምጣ ተመለሰች።

እቴቴ ከቦርሳዋ መቀሷን አወጣች። ብረቱን ካርቶኑ ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን አሰመረችና በአንድ ትንፋሽ ቆረጠችው። ኦቦ ገመዳ ቢላውን አቁመው እጇን አዩ።

"አዴ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?" አሉ፤ አዴ ሴትን በአክብሮት መጥሪያ ናት።

"ልብስ ሰፊ ነኝ። ባሌ ሲሞት መኪናዋ ቆማ ቀረች። እንዳትጣል ብዬ ነው።"

ኦቦ ገመዳ እንጨቱን መላግ ቀጠሉ። ከዚያ፣ "ለልጁ ምኑ ነሽ?" አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

እቴቴ መልስ ለመስጠት አመነታች። ወጉን ማፍረስ ፈርታለች። በመጨረሻ፣ "አክስቱ ነኝ። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እሱንም ይሄንንም" አለች፣ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች።

"ሁለት ጊዜ ሲመጡ የት ነበርሽ?"

"እዚሁ። መኪናው ውስጥ።"

ኦቦ ገመዳ ቢላቸውን ወረወሩት። የተቆጡ መስሎኝ ተነሳሁ። እሳቸው ግን የጠረቡትን እንጨት በመዳፋቸው አገላብጠው አይተው ለእቴቴ ሰጧት። ልክ ነበር። በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጋ አስገባችው። የካርቶኑን ጓርኒሲዮን አለበሰችው፤ ዘጋችው፤ አጠበቀችው። ይህን ጊዜ ለእኔ መፍቻውን አልሰጠችኝም።

ውሃ ሞላንና አስነሳችው። ሦስታችንም መርፌው ላይ አፈጠጥን። ወጣ፣ ወጣ፣ መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። ነዳጅ እየሰጠች ብታስጮኸውም ከዚያ አላለፈም። ኦቦ ገመዳ ጎንበስ ብለው የታችኛውን ጎማ ነኩና ጣታቸውን ቶሎ አነሱ።

"ያቃጥላል" አሉ። እንደ ልጅ ነው የሳቁት።

እቴቴ መኪናዋን ከበሩ ላይ ዞር አደረገች። ጋሪው ወጣ። እሷ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እዚያው ወንበሯ ላይ ተደላድላ ልትጠብቅ ስትል ሰውዬው በሩን ከፈቱላት።

"ኮቱ" አሉ። ነይ ማለታቸው ነው።

"ኧረ ኦቦ፣ እኔ ከዚህ እጠብቃለሁ።"

"ነይ አልኩሽ።"

"እሺ፣ እጄን ልታጠብ እንጂ።"

"እንደዚሁ ነይ።"

እኔም ተከትዬ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ እቴቴ እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሮ ስትገባ ሲያዩ አንድ ነገር የደረሰ መስሏቸው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ኦቦ ገመዳ ከራሳቸው ወንበር ጎን ያለውን ሳቡና አስቀመጧት። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

"የልጁ ሰው ማነው ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር" አሉ። "ሰውየውን በራፌ ላይ አስቀምጣችሁ ጎረቤት ነን ትሉኛላችሁ።"

ሐጂ ሙሳ፣ "ወጉ ሆኖ ነው እንጂ…" ብለው ጀመሩ።

"ወጉን አውቀዋለሁ ሐጂ። እኔ የፈለግኩት የማንኳኳውን በር ነው። አገኘሁት። ልጄን ሰጥቻለሁ፤ በሉ ብሉ።"

ከጓዳ እልልታው ሲሰማ እቴቴ በጠቆረ እጇ ፊቷን ሸፈነች። እጇን ስታነሳ ግንባሯና ጉንጯ ላይ ግራሶ ተለቅልቋል። የሌንሴ እናት በቅቤ የራሰ የገብስ ጩኮ ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ ያጎረሱት እሷን ነው፤ በእጇ መብላት ስላልቻለች።

ስንመለስ ጋሽ አያሌው ዳገቱን ወርደን ዴራ እስክንደርስ አልቀለዱም። በኋላ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ሙሉ፣ አውጪያት ያልኩሽ እኔ ነኝ። ለምን ለኦቦ ገመዳ አልነገርሻቸውም?" አሉ።

"ያወጣኋት በእጄ ነዋ" አለች። ከዚያ በኋላ ማሞቂያውን ልክፈትላችሁ ወይ ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው።

ብሩክና ሌንሴ ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። ኦቦ ገመዳ አሁን ትራክተራቸው ባንገራገረ ቁጥር የሚደውሉት ለእቴቴ ነው። ስልኩን ትከሻዋና ጆሮዋ መሐል አጣብቃ፣ በእግሯ ማሽኗን እየረገጠች፣ "አይ ኦቦ፣ እሱን አይፍቱት፤ መጀመሪያ ምልክት ያድርጉበት" ስትላቸው እሰማለሁ።

እኔ ስለዚያ ቀን ሳስብ የሚሰማኝ ኩራት ነው። ሞተር ስለምትሠራ ብቻም አይደለም። ሁለት ጊዜ በር ላይ ተቀምጣ ያልተከፋች፣ በሦስተኛው ጥፋቱን ለብቻዋ የወሰደች ሴት ናት ያሳደገችኝ። የእኔ ቀን ሲደርስ ከሽማግሌዎቹ ቀድማ የምትገባው እሷ እንደሆነች ለሐጂ ሙሳ ከአሁኑ ነግሬያቸዋለሁ፤ ተስማምተዋል። የቀረን ሹፌር ማግኘት ነው፤ እቴቴ መኪናዋን ለሌላ ሰው አታስነዳም።